ቀዩ የሩዝ ሳህን

ፉሚኤ የገባችው በጓሮ በር ነው። ማንንም ሳታስፈቅድ «አለሁ!» ብቻ ብላ ጫማዋን ወርወር አደረገችና በቀጥታ ወደ ማድቤት። ችዙሩ አፍጥጣ አየቻት። እስቲ ፍረዱ! እሷ የኮሳኩ ሚስት፣ ቀለበት ካሰረች ስድስት ዓመቷ፣ በፊት ለፊት በር ገብታ፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነስታ፣ የእንግዳ ነጠላ ጫማ ተሰጥቷት ነው የተቀመጠችው።

ባልና ሚስቱ ከሰሜን ጃፓኗ ከተማ ከሳፖሮ የተነሡት ለዕረፍት ነበር። ኮሳኩን ያሳደጉትን አክስቱን ታማኤን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሊጠይቁ በጠዋቱ ጀልባ ወደዚህች የመንደሪን ደሴት ተሻገሩ። በአሥር ሰዓቱ ጀልባ ይመለሳሉ። ደስ የሚል የኅዳር ፀሐይ ወጥቷል። በረንዳው ላይ እግር ዘርግቶ መንደሪን ከመላጥ በቀር ሥራ የለም። ይቺ ሴት ባትመጣ ኖሮ ችዙሩም ዘርግታ ትልጥ ነበር።

ስለ ፉሚኤ ሰምታለች። የአክስት ታማኤ ጎረቤት ናት። ኮሳኩ አንድ ቀን ሞቅ ብሎት የደሴቲቱ ሰው ሁሉ ሁለቱን ሲድራቸው እንደነበር አውርቶላታል። «የልጅነት ነገር ነው» ብሎ ስቆ ነበር። ይስቃላ! እሱ ምን አለበት?

«አንተ ሰውዬ፣ ሆድ አወጣህ እኮ!» አለችው ፉሚኤ ኮሳኩን፣ ከማድቤት ብቅ ብላ።

«አንቺ ደግሞ ያው ምላስሽ አለ።»

ተያይተው ሳቁ። ችዙሩም ሳቀች፤ በጥርሷ ብቻ።

አክስት ታማኤ ምሳ አቀረቡ። የኮሳኩን ሩዝ ነጭ የማዕበል መስመር በዞረበት ሰማያዊ ሳህን ሰጡት። ለችዙሩ የእንግዳ ሳህን መጣላት፤ ከጎኑም በወረቀት የተጠቀለለ፣ አንዴ ተበልቶበት የሚጣል የመብያ እንጨት። ፉሚኤ «እኔ በልቻለሁ» አለች። አለች እንጂ፣ መሳቢያውን ስባ የራሷን ቀይ እንጨት አወጣችና ከዓሣው ቆንጠር አደረገች። የራሷን! ሰው የራሱ እንጨትና የራሱ ሳህን ያለው በቤቱ ነው። እዚህ ቤት የፉሚኤ አለ፣ የችዙሩ የለም።

«እንግዳዬ፣ ጨምሪ እንጂ» አሉ አክስት ታማኤ።

እንግዳዬ! ከጠዋት ጀምሮ አንዴም በስሟ አልጠሯትም። ዓሣውን ወደ ሳህኗ ዳር ገፋችው።

ምሳው ሲያበቃ ፉሚኤ ሽርጥ አሰረች። ችዙሩ ብድግ አለች። «እኔ አጥባለሁ።»

«ኧረ በሞቴ እንግዳዬ፣ ቁጭ በይ!»

አልሰማችም። ዕቃውን አጠበች፤ ፉሚኤ ከጎኗ ቆማ አደረቀች። ችዙሩ የባሏን ሰማያዊ ሳህን ልትመልስ ብፌውን ስትከፍት ከኋላ አንድ ቀይ ሳህን አየች። ያው የማዕበል መስመር፣ ያው ሸክላ፣ ትንሽ አነስ ያለ። ለባልና ሚስት ተብሎ በጥንድ የሚሸጠው ነው፤ ሰማያዊው የባል፣ ቀዩ የሚስት። ታዲያ እዚህ ቤት ቀይ እንጨት ያላት ማን ናት?

ደሟ ፈላ። ሳህኑን አወጣችው። ከፍ አድርጋ ያዘችው። ለቀቀችው።

ፉሚኤ አይታለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ምን ተሰበረ?» አክስት ታማኤ እየሮጡ መጡ።

«እኔ ነኝ እትዬ» አለች ፉሚኤ ቀድማ። «እጄ እርጥብ ነበር።»

አክስት ታማኤ ስብርባሪውን ሲያዩ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «ወይኔ! አንቺ ዝርክርክ! የሙሽራዋ ሳህን እኮ ነው! የተጋቡ ጊዜ ካንቺ ጋር አብረን ሄደን አይደል የገዛነው? ኮሳኩ ብቻውን በመጣ ቁጥር የሱን ሳወጣ የሷ ስድስት ዓመት ተራውን ጠበቀ። ዛሬ ምሳ ላይ ላወጣው ብዬ እኮ አፈርኩ። የከተማ ሰው ናት፣ የገጠር ሸክላ ትንቅብኛለች ብዬ... አንቺ ደግሞ! መቼ ነው እጅሽ ሰው የሚሆነው?»

ችዙሩ ክው ብላ ቀረች። የገዛ ሳህኗን! ዝም ብትል ግን ማንም አያውቅም፤ ፉሚኤ ሸፍናላታለች። ለአንድ አፍታ እፎይ አለች። ወዲያው ግን ያ ቅናት ብሶበት ተመለሰ። አክስት ታማኤ ፉሚኤን የሚሰድቧት እንደ ልጃቸው ነው። ችዙሩን ማን ሰድቧት ያውቃል? ይቺ ሴት ስድቧንም ልትወስድባት ነው እንዴ?

«እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለች። «አውቄ ነው። የሷ መስሎኝ።»

ኮሳኩ ግማሽ መንደሪን አፉ ውስጥ እንዳለ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

አክስት ታማኤ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«ችዙሩ!»

«አቤት።»

«አንቺ ቅናታም! አንቺ ባለጌ! ለዚህ ለሆዳም ተብሎ ነው የኔ ሳህን የሚሰበረው? ምን ያስገትርሻል? መጥረጊያው ጓሮ በሩ ጋ ነው፣ ሂጂ አምጪ!»

ችዙሩ እንባዋ እየወረደ ወደ ጓሮ በር ሮጠች።

«በስተግራ ነው» አለቻት ፉሚኤ ከኋላ።

«አውቃለሁ!» አለች ችዙሩ። አታውቅም።