ሰባኛዋ ወፍ

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከመሃል ከጀመርኩ እኔ ጥሩ ልጅ እመስላለሁ፣ እሱ ደግሞ ውሸት ነው።

ሦስት ነን፤ እኔ፣ ጭራሮ እና ሬዲዮ። ጭራሮ እንደዛ የተባለችው ነፋስ ቢገፋት ቀጭ ብላ የምትሰበር ስለምትመስል ነው። ሬዲዮ ደግሞ መዝጊያ ስለሌላት። እኔን ፌንጣ ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ ውድድር አወጣ። ከዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያያችሁትን የወፍ ዓይነት በሙሉ ትጽፋላችሁ። የብርዱ ወራት ሳያልቅ ሰባ ዓይነት የሞላ ቡድን ለአንድ ሳምንት ባሕሩ አጠገብ ያለው የወፍ ጣቢያ ይሄዳል። ጣቢያው ምን መሰላችሁ? ወፏ በመረብ ትያዝና ትመዘናለች፣ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ሚጢጢ ቀለበት ይታሰርላታል፣ ከዛ ትለቀቃለች። የምትለቋት እናንተ ናችሁ! በእጃችሁ! ልቧ መዳፋችሁ ላይ ድው ድው እያለ! ይሄን የሰማሁ ቀን ራት አልበላሁም፣ ሙች።

ውድድሩ በብርድ የሆነው ደግሞ ያኔ ዛፉ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ነው፤ ወፍ መደበቂያ ታጣለች። ከሩቅ የሚመጡት ዳክዬዎችም ኩሬውን የሚሞሉት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምትወስደን አክስቴ ናት። የዳቦ ቤት ሹፌር ነች። ጠዋት ዳቦውን ለሱቆቹ አድርሳ ስትጨርስ ባዶዎቹ ሣጥኖች መሃል ትጠቀጥቀንና እንሄዳለን። ጸጉራችን እስከ ሰኞ ዳቦ ዳቦ ይሸታል።

አስተማሪያችን ያወጣው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ወፏ እንድትቆጠር ሁለት ሰው አይቷት መፈረም አለበት። ሁለተኛውን ሕግ የጨመርኩት እኔ ነኝ። የደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ ሁለቴ አስምሬበት፦ «ያላየችውን አየሁ ብላ የፈረመች ከቡድኑ ትሰረዛለች። ይቅርታ የለም።»

ሬዲዮ «ይቅርታ የለም» የሚለው ላይ ስትደርስ በሳቅ ፈረሰች። «ፍርድ ቤት ነው እንዴ? ዳኛዋስ የት አለች?»

«ትስቂያለሽ» አልኳት። «በኋላ ታመሰግኚኛለሽ።»

ነገሩ የጀመረው ሃምሳ ስምንተኛዋ ወፍ ላይ ነው። እኔ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳሁ፣ ሬዲዮ ጓንቷን እየፈለገች፣ ጭራሮ «ያቻት! ዓሣ አጥማጇ! ሰማያዊዋ!» ብላ ጮኸች። ሬዲዮ ዞር ብላ «አየኋት!» አለች። ፈረሙ። እኔ ያየሁት ውሃ ብቻ ነው። እሺ፣ ይሁን። በሳምንቱ ስልሳ አንደኛዋ ስትመጣ እኔ ቁጥቋጦ ኋላ ነበርኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ሻዩ ነው። ስልሳ አራተኛዋ ስትመጣ ደግሞ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አንዴ ዕድል ነው። ሁለቴም ዕድል ይሁን። ሦስቴ ግን? ወፎቹ ጀርባዬን ሲያዩ ነው እንዴ የሚወጡት?

ሬዲዮን ክፍል በር ላይ ያዝኳት። «እውነቱን ንገሪኝ። ዓሣ አጥማጇን አይተሻታል?»

«አዎ። ማለቴ፣ ሰማያዊ ነገር ሽው ብሎ አልፏል።»

«ሰማያዊ ነገር? ፌስታል ቢሆንስ?»

«ፌስታል አይጮህም፣ ፌንጣ።» ከዛ ግራ ቀኙን አይታ ጆሮዬ ውስጥ ገባች። «ግን ሙች፣ አንዳንዴ እኔም ይገርመኛል። የዚች ልጅ ዓይን ምንድን ነው? እኔ ምንም አላልኩም። ብቻ ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

በቃ። ይቺ ቃል እንደ መዥገር ተጣበቀችብኝ።

ከዛ በኋላ ጭራሮን ማየት ጀመርኩ። ወፉን ትቼ እሷን። እና ብታዩ! ሰው ወፍ ሲፈልግ ወደ ላይ ያያል አይደል? ጭራሮ መጀመሪያ መሬት ነው የምታየው። ዛፍ ሥር ደርሳ አቀርቅራ እንደጠፋባት ቁልፍ ትፈልጋለች። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አነሳች፣ በሶፍት ጠቀለለችና ኪሷ ከተተች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ምንም።» ጆሮዋ ቲማቲም መሰለ።

አርብ ማታ ላይ ካልኩሌተሯን ልመልስላት ቤቷ ሄድኩ። እናቷ በሩን ከፈቱልኝ። ቦቲ ጫማዋ በር ላይ አለ፣ ጭቃው ገና እርጥብ።

«የት ሄደሽ ነው?» አልኳት ጭራሮን።

«ሱቅ ተልኬ።»

ሱቁ እኮ ከቤታቸው በር እስከ ራሱ በር ድረስ አስፋልት ነው! አስፋልት! «እሺ ደህና እደሪ» ብዬ ወጣሁ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ለሁለት ወር ያህል ጣቴ በብርድ ተቆራርጧል፣ ያ ሁሉ ፊርማ ውሸት ከሆነስ? አስተማሪያችን ቢደርስበትስ? ጣቢያው ቀርቶ ስማችን ክበቡ ሰሌዳ ላይ በቀይ ቢለጠፍስ?

የመጨረሻዋ ቅዳሜ መጣች። ስልሳ ዘጠኝ ላይ ነን። አንድ ወፍ! አንዲት!

«ዛሬስ ወዴት?» አለች አክስቴ ሞተሩን አስነስታ።

«ፍሳሽ ማጣሪያው ጋ» አለች ጭራሮ ከሁላችንም ቀድማ።

«ባለፈው ሄደን የለ እንዴ?»

«እባክሽ አክስቴ። አንዴ ብቻ።»

ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ አንድ ቦታ? ምን አስቀምጣ ነው? ሬዲዮን በክርኔ ነካኋት፣ ሬዲዮም ቅንድቧን አነሳችልኝ።

የፍሳሽ ማጣሪያው ኩሬ ስትሉ አትሳቁ። ውሃው ሞቅ ስለሚል ዳክዬ የሚወደው እሱን ነው። ሽታው ግን! ሬዲዮ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ «እዚህ የሚኖር ወፍ ወደ ደብተራችን መግባት ሳይሆን መሸለም ነው ያለበት» አለች። ሣሩ ውርጭ ለብሶ በረገጥነው ቁጥር ቅሽ ቅሽ ይላል። ዞርን ዞርን። ዳክዬ፣ ዳክዬ፣ ሽመላ፣ ዳክዬ፣ ቁራ። ሁሉም የተጻፉ። ሬዲዮ አንድ እግሯን ቦይ ውስጥ ነከረችና ቦዩን እየረገመች ካልሲዋን ልታደርቅ ወደ መኪናው ተመለሰች።

እኔና ጭራሮ ብቻ ቀረን።

ጭራሮ አጥሩ ጥግ ያለ ዛፍ ሥር ቆመች። ሌላው ዛፍ ሁሉ ራቁቱን ነው፤ ይሄኛው ግን ሐረግ ተጠምጥሞበት ጥቅጥቅ ብሏል። መሬቱን አየች። ወደ ላይ አየች። ደግሞ መሬቱን። ከዛ እኔን ሰረቅ አድርጋ አየችኝ።

ገባኝ! ሰባኛዋን እዚህ ዛፍ ውስጥ ልትወልድልን ነው! ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ልቅደማት አልኩ። እኔ የሌለች ወፍ ልጥራ፤ እሷ «አየሁ» ካለች ተያዘች፣ አለቀ።

«ጭራሮ!» አልኩ በሹክሹክታ፤ ተዋናይ መሆን ነበረብኝ እኮ። «እንዳትንቀሳቀሺ። ጉጉት! ከተሰበረው ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ፣ ግንዱ ላይ!»

ምንም የለም። ቅርፊትና ሐረግ፣ ሐረግና ቅርፊት።

ጭራሮ ትንፋሿን ዋጠች። የሩቅ ማያ መነጽሯን አነሳች። ቆየች። ኧረ በጣም ቆየች። ከዛ ፊቷ በአንዴ በራ።

«አየኋት» አለች። «ጆሮ የመሰለ ላባ አላት። ዓይኗን ጨፍናለች። አንቺዬ፣ እንዴት አገኘሻት?»

ያዝኩሽ!

ደብተሩን አወጣች፣ ብርዱ ባቆረፈደው ጣቷ «70. ጉጉት» ብላ ጻፈች። ከታች ፈረመችና ከላይ ቦታ ተወችልኝ። «ወፏ ያንቺ ናት። ከላይ አንቺ ፈርሚ።»

ፈረምኩ። ወጥመዱ እንዲሞላ ብዬ ነው። ፊርማዬ እንደዛን ቀን አምሮ አያውቅም።

ከዛ ፌንጣ መሆኔን አሳየሁ። ዘልዬ መኪናው ጋ ደረስኩ። አክስቴ የዳቦ ጫፍ ትገምጣለች፣ ሬዲዮ ካልሲዋን ማሞቂያው ላይ ዘርግታለች።

«ያዝኳት!»

«ወፏን?» አለች ሬዲዮ።

«ጭራሮን!»

ሁለቱንም እየጎተትኩ ይዤ መጣሁ፤ ሬዲዮን በአንድ ካልሲ። ጭራሮ አሁንም ዛፉ ሥር ናት፣ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ትስቃለች። ስታየን በጣቷ «እሽሽ» አለች።

«ምን እሽሽ አለው!» አልኳት። «ጉጉት የለም! ከራሴ ነው የፈጠርኳት! አንቺ ግን ጆሮ አላት አልሽ፣ ዓይኗን ጨፍናለች አልሽ! ዓሣ አጥማጇም እንደዚሁ ነች አይደል? ሁሉም!»

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ወይ የምትክድ። እሷ ግን ሒሳብ እንደጠፋባት ሰው አየችኝ።

«ፈጥረሻት?»

«አዎ!»

«ሳታያት?»

«የለችማ!»

«ፈርመሻል እኮ» አለች ቀስ ብላ።

እጇን ኪሷ ከተተችና ሶፍቱን አወጣች። ውስጡ ግራጫ ድቡልቡል ነገር አለ፤ ጸጉር፣ ጸጉሩ መሃል ደግሞ መርፌ የሚያካክሉ አጥንቶች።

«ጉጉት አይጥ ስትበላ አጥንቱንና ጸጉሩን መልሳ እንዲህ ትተፋዋለች» አለች። «ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሥር አገኘሁት። ነጩን ኩስም እዩት፣ መሬቱ ላይ። ትናንት ብቻዬን መጥቼ አርባ ደቂቃ ፈለግኳት፤ አጣኋት። በከንቱ አላስጎምጃችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ አንቺ ከተሰበረው ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ ስትዪኝ፣ ያልሽኝ ቦታ አየሁ። እዛ ባትዪኝ እንደገና አላገኛትም ነበር።» ሶፍቱን መልሳ ጠቀለለች። «አምኜሽ ነዋ ያየሁት።»

አክስቴ ዳቦዋን ማኘክ አቆመች።

ጭራሮ ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ። እጇ አልጨከነም፤ ቢጨክን ይሻለኝ ነበር። «ከተሰበረው ቅርንጫፍ ትንሽ ዝቅ በይ። አንድ ስንዝር ወደ ግራ። ቅርፊቱን አትይ፣ ከቅርፊቱ የሚያብጠውን እዪ።»

ቅርፊት አየሁ። ቅርፊት። ቅርፊት። ከዛ ቅርፊቱ አንድ ብርቱካናማ ዓይን ከፈተ።

«እናቴ!» አለች ሬዲዮ።

«ኧረ እኔም አየኋት!» አለች አክስቴ። «ይሄን ሁሉ ስንጨቃጨቅ እያዳመጠችን ነው እንዴ?»

ጉጉቷ እኔን አየች፣ እኔን ብቻ፣ እንዲህ ከላይ እስከ ታች። ከዛ ዓይኗን መልሳ ከደነች። በሕይወቴ እንደዛ የጠረጠረኝ ፍጡር የለም።

ወደ መኪናው ስንመለስ የሚሰማው የሣሩ ቅሽ ቅሽ ብቻ ነበር። ሣጥኖቹ መሃል ተቀመጥን። ሬዲዮ ከጭራሮ ፊርማ ሥር ፈረመች፤ አይታለቻ። ሰባው ሞላ። ማንም እልል አላለም። ከዛ ሬዲዮ ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጠችና ቀይ ጽሑፌን አየች። ዘጋችው።

«በናታችሁ» አለች፣ «እኛ ካልተናገርን ማን ያውቃል? ወፏ እንደሆነ አለች። ፌንጣም በኋላ አይታታለች።»

ጭራሮን አየኋት። አንዲት ቃል፣ «ተዪው» እንድትል ብቻ። የባሕሩ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ነበር፣ ሙች፤ መዳፌ ላይ የወፏ ልብ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ጭራሮ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልክ ነበረች። ምን ልትል ትችላለች? ሕጉ የማን ነው?

«እስክሪብቶ» አልኩ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች አክስቴ ከፊት፣ ግን ቀስ ብላ፣ ለመሪው እንደምትናገር።

ቀዩን እስክሪብቶ ሰጡኝ። ከቡድኑ ስም ዝርዝር ላይ የራሴን ሰረዝኩ። ወፎቹን በሙሉ ጭራሮና ሬዲዮም አይተዋቸው ስለነበር አንድም አልጎደለም። የጎደልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሰኞ ለአስተማሪያችን ራሴ ነገርኩት። ድምፄ ሦስት ቦታ ተሰበረ።

እነሱ ጣቢያው ሄዱ። ሬዲዮ በየቀኑ መልእክት ትልክልኛለች፣ ቀለበቱ፣ ሚዛኑ፣ አንዷ ወፍ ጣቷን እንደነከሰቻት። ጭራሮ ምንም አልላከችም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠረጠርኩም፤ ምን እንደምታስብ በደንብ አውቃለሁ።

አዲስ ደብተር አወጣሁ። መጀመሪያ ገጹ ላይ ሕግ የለም። «1. ጉጉት» ብዬ ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ለሁለተኛው ፊርማ ቦታ ተውኩ፣ ከላይ። ይመለሳሉ በተባለበት ቀን በጭራሮ በር ሥር አሾልኬ አስገባሁትና ሮጥኩ።

አንድ ቀን ምንም የለም። ሁለት ቀን። ያ ባዶ የፊርማ ቦታ ያመመኝ ጥርስ ይመስል ሐሳቤ እሱ ላይ ብቻ። አልደረሳትም ይሆን? ደርሷት ጣለችው? ወይ ለሬዲዮ አሳይታት ሲስቁብኝ?

በሦስተኛው ቀን ክፍል ስገባ ደብተሩ ወንበሬ ላይ ነበር። ገለጥኩት። ከላይ፣ በተውኩት ቦታ፣ የጭራሮ ቀጭን ፊርማ። አጠገቡ በትንንሽ ፊደል፦

«አይታታለች። ዓይኗን ከከፈተች በኋላ።»

ከሥሩ ደግሞ፦ «አርብ መጥቼ እወስድሻለሁ። ቦቲ አድርጊ። መጀመሪያ መሬት ነው የሚታየው።»