የተሰረዘው የፕሮባቢሊቲ ፈተና

እንደ ወንድሟ አነጋገር፣ የፈተና ምዝገባ ፓስዎርዷን የሰጠችው ወዳና ፈቅዳ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የሙያ ማኅበር ምርጫ ዞሮብኛል፤ አንተ ታውቃለህ» ብላ ነው። እንደ እሷ አነጋገር ደግሞ፣ ፓስዎርዱን የሰጠችው የቢሮዋ ማተሚያ ቀለም ስለጨረሰ የፈተና መግቢያ ወረቀቷን አትሞ እንዲያመጣላት ብቻ ነው፤ ስለ ማኅበር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እናታቸው ያን ጊዜ እዚያው ስለነበሩ ተጠየቁ።

«እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር» አሉ። «ስታወሩ ሰምቻለሁ። ምን እንዳወራችሁ እናንተው ታውቃላችሁ።»

ክርክር የሌለበት ነገር ቢኖር፣ አርብ ጠዋት ልጅቱ ቢሮ ገብታ ኢሜይሏን ስትከፍት ሁለት ደብዳቤ ማግኘቷ ነው። አንደኛው አራት ወር ሙሉ ስትዘጋጅበት የከረመችው የፕሮባቢሊቲ ፈተና «በራስዎ ጥያቄ መሠረት» ተሰርዟል ይላል። ሁለተኛው በሌላ ማኅበር የመጀመሪያ ፈተና ስለተመዘገቡ እንኳን ደስ አለዎት ይላል። «በራስዎ ጥያቄ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበበችው።

ኢንሹራንስ ኩባንያው ውስጥ በስሌት ክፍል ከተቀጠረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ዲግሪ ብቻውን አክቹዋሪ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ስሌት ባለሙያ፣ አያደርግም፤ የአንድ ማኅበር አባል ሆኖ የማኅበሩን ፈተናዎች አንድ በአንድ እየተወጡ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ዓመታት ይፈጃል። የቢሮው ሰው አንዱን ማኅበር «ጠቅታ» ይለዋል፤ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ከተደረደሩት መልሶች አንዱን መንካት ስለሆነ። ሌላው «ድርሰት» ነው፤ አስላ ብቻ ሳይሆን ጻፍ፣ አስረዳ፣ አሳምን ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል፤ የደከሙበት ሁሉ ግን አብሮ አይሻገርም። እሷ እጇ ለስሌት ፈጣን ነው፤ ረጅም ጽሑፍ ሲሆን ግን ብዕሯ ይጎተታል። ስለዚህ አስባበት ጠቅታን ይዛለች። በሌላ ኩባንያ የጡረታ ክፍል የሚሠራው ወንድሟ የድርሰት ሰው ነው።

ወዲያው ደወለችለት። «ለአንቺው ብዬ ነው» አላት። «አለቃሽ የድርሰት አባል ነው። የሥራ ልምድሽን ማን ይፈርምልሻል? የጠቅታ ሰው ከየት ታመጫለሽ?»

አለቃዋ በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚሞት የሚያሳየውን የሞት ሠንጠረዥ በብብቱ ሸጉጦ ስለሚዞር «ጋሽ ሠንጠረዥ» ይባላል። ሄዳ የሆነውን ነግራ ጠየቀችው።

«እኔ የምፈርመው ለሥራሽ ነው፣ ለማኅበርሽ አይደለም» አላት መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየሰቀለ። «የፈለግሽው ይሁን። ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ወንድሜ።»

«ወንድም ለዕቃ ማጓጓዝ ጥሩ ነው» አለ። «የተሰረዘ ምዝገባ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት በስልክ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ግን ስድስት ወር ትጠብቂያለሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ ላፕቶፑን ይዞ ከች አለ። እናትየው ሳሎን አንሶላ እየተኮሱ ነበር።

«ገና ሳልቀመጥ አትጩሂብኝ» አለ።

«ገና አልጮህኩም! ስጮህ ጎረቤት ይነግርሃል!»

«በሉ ቀስ» አሉ እናትየው። «አንሶላውን ታሳርሩኛላችሁ።»

ወንድምየው ላፕቶፑን ከፈተ። አንድ የኤክሴል ገጽ ወጣ። በአንድ ወገን ጠቅታ፣ በአንድ ወገን ድርሰት፤ ከሥር ደግሞ እስከ መጨረሻው የሚፈጀው ጊዜ። ለጠቅታ አሥራ አንድ ዓመት፣ ለድርሰት ሰባት።

«በስሜት ያደረግሁት እንዳይመስልሽ» አለ። «ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። አራት ዓመት ነው ያተረፍኩልሽ።»

እውነቱን ለመናገር ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ውሸት አልነበረም። የድርሰት መጻሕፍት እቤት መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። ወንድሟ አስጠኚ ነው፤ ትዕግሥትም አለው። በቢሮዋ ደግሞ ጠቅታን ጨርሶ «እንዲህ አድርጊ» የሚላት ሰው የለም። አስቀድሞ ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሺ ትል ነበር። ይህን ማወቋ ራሱ ይበልጥ አናደዳት፤ እሺ የማለቱን ዕድል እንኳ ቀምቷታል።

ዓይኗ «የማለፍ ዕድል» የሚለው መስመር ላይ ቆመ። በጠቅታ በኩል ሃያ አምስት ከመቶ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለች። «ማኅበሩ የሚያወጣው ቁጥር ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው።»

«ግምት ነው።»

«የማን ግምት?» ጣቷን ሰዳ ቁጥሩን ነካችው። ከላይ የተጻፈው ስሌት ብቅ አለ፤ አንድ ሲካፈል ለአራት። «አራት ጊዜ ማን ተፈትኖ ነው አንዴ ያለፈው?»

ወንድምየው የላፕቶፑን አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

«ጋሼ፣ ማን ነው?»

«እኔ» አለ፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሳ።

እናትየው ካውያውን አቆሙት። «አንተ ያን ፈተና አልወደድኩትም ብለህ ተውከው እንጂ መቼ ወደቅክ?»

«ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ እማዬ። ሁለት ዓመት በላኝ። በአራተኛው አልፌ ቀጣዩን መጽሐፍ ስገዛ፣ አንዲት ገጽ ማንበብ አቃተኝ። እሷ እዚያ ውስጥ እንድትገባ አልፈለግሁም።»

ልጅቱን ለአፍታ ያህል አሳዘናት። ታላቋ ነው፤ ጫማዋን ማሰር ያስተማራት እሱ ነው። ከዚያ ግን ዓይኗ ገጹ ላይ ሲመለስ ንዴቱ እንደ ገና ቱግ ብሎ መጣ።

«ይሄን ለደንበኛ ብታደርገው በማግስቱ ያባርሩሃል!» አለች። «ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ነው፤ አንድ ቤት ተቃጠለ ተብሎ ለሰፈሩ ሁሉ የአረቦን ዋጋ አይወጣም! አንተ የአንድ ሰው መውደቅ ይዘህ፣ ያውም የራስህን፣ በእኔ ላይ ዋጋ ታወጣለህ? የታመምከው አንተ፣ መድኃኒቱን የምጠጣው እኔ?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉ እናትየው በቀስታ። «ለክፋት አይደለም፣ ልጄ።»

«ይበርግግ፣ እማዬ! ሲበረግግ እኔን ተሸክሞ ነው እንዴ የሚሮጠው?»

«ለክፋት አይደለም አልኩሽ።»

«ለክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ሲሆን እኮ ተሳድበው ይገላገሉታል።»

ወንድምየው ላፕቶፑን ከደነ። «እሺ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። አሁን ግን ተጠየቂ፤ እንደኔ ሦስቴ ብትወድቂስ? ምን ይዋጥሻል?»

ሰዓቷን አየች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ስልኳን አነሳችና ለማኅበሩ ደወለች። የሚጠብቁበት ዜማ ረጅም ነበር፤ ሦስቱም ያለ ፍላጎታቸው አዳመጡት። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች፤ የልጅቱን ስምና ቁጥር ጠይቃ መዝገቧን አገኘች።

«የተሰረዘው በራስዎ ጥያቄ ነው ይላል እዚህ» አለች ሴትዮዋ። «ምክንያቱን አስረድተው ወደ ሌላ ማኅበር እንደሚዛወሩ ጽፈዋል። ሐሳብዎን ቀየሩ?»

ልጅቱ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። እሱ አንሶላውን ያያል።

«አልቀየርኩም፤ ሐሳቤ ከመጀመሪያውም ይኸው ነው» አለች፣ እሱ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ይመልሱልኝ። ፕሮባቢሊቲን እፈተናለሁ፣ በእናንተው ማኅበር፣ በወሩ በአሥራ አራት፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት።»