አንድ ዙር

የስፖርት መምህሩ እንዳልካቸው በደግነቱ አይታማም፤ ይሉኝታው ነው ጉድ የሠራው። መካነ ሰላም ከተማን ዞራችሁ ብትጠይቁ ይኼንኑ ይነግሯችኋል።

የስድስተኛ ክፍሏን ሀጀራን ማንም መምህር አልቻላትም። እናቷ ጅዳ፣ አባቷ የት እንደገባ አላህ ይወቀው፤ ያደገችው አክስቷ ዘሊካ ዘንድ ነው። ሲከፋት ደብተር ትቀዳድዳለች፣ ዴስክ ትገለብጣለች፣ ያገኘችውን ትነክሳለች። መላዋን ያወቀው እንዳልካቸው ብቻ ነበር። ፊቷ ሲለዋወጥ ካየ፣ «አብሽሪ ሀጀራ፣ አንድ ዙር» ይላታል። ሜዳውን ዞራ እያለከለከች ስትመለስ ያ ሁሉ ቁጣ ብን ብሎ ይጠፋል፤ ቀኑን ሙሉ አርፋ ትማራለች። «ንዴትሽ ሲመጣ ራስሽ ነይና ጠይቂኝ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ለመናት። እሷ ግን መች ትመጣና።

በሚያዝያ አንዷን ልጅ ነከሰችና መምህራን ተሰበሰቡ። «አንተ ነህ በሩጫ ያቀበጥካት» አሉት። ርእሰ መምህሩ ሁለት ሳምንት ከሜዳ ትታገድ፣ ደግማ ካጠፋች ትባረር አሉ። እንዳልካቸው ስህተት መሆኑን ልቡ እያወቀ ለድጋፍ እጁን አወጣ። ባልደረቦቹ እንዳይቀየሙት ነዋ።

በእገዳው በስምንተኛው ቀን ሌላ ክፍል ሜዳ ላይ እያሠራ ሳለ ሀጀራ ከክፍል ወጥታ መጣች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶቿን ጨብጣለች።

«ቲቸር፣ አንድ ዙር ልሩጥ?»

ራሷ መጣች እኮ፤ ራሷ ጠየቀች። እሱ ግን ቀና ሲል ርእሰ መምህሩ በረንዳው ላይ ቆመው ያዩታል።

«ቅጣትሽን ጨርሺ። ግቢ» አላት።

ገባች። ብዙም ሳይቆይ የመስኮት መስታወት ሲረግፍ ሜዳ ድረስ ተሰማ። በማግስቱ ተባረረች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እንዳልካቸው ያን ጊዜ ነው ቢሮ ለቢሮ መሮጥ የጀመረው። ማን ይስማው። በሰኔ ዘሊካ የልጅቱን መሸኛ ልትወስድ መጥታ ሜዳው ጥግ አገኘችው። ሀጀራ ከላላ ወረዳ ዘመድ ቤት መሄዷን፣ ትምህርት የሚባል ነገር አታንሱብኝ ማለቷን፣ እናቷ ዘንድ የሚያሻግራት ደላላ እያጠያየቀች መሆኗን ነገረችው።

የእንዳልካቸው ሐዘን ዘሊካን አንጀቷን በላት።

«አብሽሩ መምህር፤ እርስዎ ምን ያርጉ። እሷም በእርስዎ ክፉ አትናገርም። ‹ጠይቄያቸው ነበር› ብቻ ትላለች፤ ምኑን እንደሆነ እንጃ።»

ምኑን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ለዘሊካ ግን አልነገራትም።