የመድኃኒት አተላ የተደፋበት ደጅ

ሱዩን በጸደይ መሳል ጀምራ ሩዙ እስኪታጨድ አላቆመችም። ባሏ ዴሹን የከተማውን ሐኪም ሁሉ አዳርሶ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ተራራውን ወጥቶ እማማ ኮውን ይዟቸው መጣ። አሮጊቷ ሥርና ቅጠል ቀማሚ ናቸው፤ የመድኃኒት ንጉሥ ለሚሉት የፈውስ አምላክ ዕጣን ሳይለኩሱ ግን የማንንም በሽተኛ እጅ አይዙም። የሱዩንን የደም ሥር ጣታቸው ሥር አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ምን ቋጥረሽ ነው የያዝሽው?» አሏት።

ሱዩን እንባዋ መጣ። «የወንድማማቾቹ ጠብ ነው እማማ። በአንድ መንደር እየኖርን ከባሌ ታላቅ ከጋሼ ጋር በበዓል እንኳን አንጠያየቅም።»

ዴሹን ጥርሱን ነከሰ። ታላቅ ወንድሙ ሳያማክረው የእናታቸውን መቃብር ከኮረብታው ማዶ ካዛወረ ወዲህ፣ የወንድምየው አሳማ ሲረባ የእሱ ሚስት አልጋ ያዘች። የእናታቸው በረከት ወደዚያ ደጅ ዞሯል፤ ለእነሱ የተረፈው ሳል ነው። ዴሹን የሚያምነው እንዲህ ነበር፤ ያመነውን ደግሞ በበሬ ቢጎትቱት አይለቅም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ በዚያ ቤት ሳሉን ሚስት፣ ቂሙን ባል ተካፍለው ይዘውት ነበር።

«መድኃኒቱ ደምሽን ያላውሰዋል» አሉ እማማ ኮው። «የልብሽን ቋጠሮ ግን በማሰሮ ቀቅዬ አላወጣልሽም። አንቺው ፍቺው።»

የሱዩን ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ለራሷ ምን እንዳለች ዴሹን አልሰማም።

አሮጊቷ ሲወጡ ደጃፉ ላይ ክንዱን ያዙት። «መድኃኒቱ ሲያልቅ አተላውን ሰብስበህ ገበያ መሄጃው መስቀለኛ መንገድ ላይ ድፋው። በሽታዋ እሱ ውስጥ ነው የሚወጣው። ሕዝብ ይርገጠው፤ በየጫማው ቅንጣት ቅንጣት እየሆነ ይበተናል፣ ማንንም አይጎዳም። ስትደፋ ግን የማንንም ስም በልብህ እንዳትይዝ።»

«ብይዝስ?»

ትክ ብለው አዩት። «ሰው ደጅ ላይ ከደፋኸው፣ ቀድሞ የረገጠው ሙሉውን ይሸከማል። ለሙሉው እኔም መድኃኒት የለኝም። ሞኝ እንዳትሆን!»

መድኃኒቱ እያለቀ ሲሄድ የሱዩን ሳልም እየሳሳ ሄደ። ፊቷ ደም ዘለቀው፣ ገንፎዋን ጠርጋ መብላት ጀመረች፣ ባሏን እንደ ድሮዋ ትሰድበው ገባች። ዴሹን ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። የመጨረሻው ማሰሮ በተቀዳ ማግስት አተላውን በቅርጫት ይዞ ጎህ ሲቀድ ወጣ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆመ። ማንም አልነበረም። ከወዲያ የወንድሙ አሳማዎች ጠግበው ሲያንኮራፉ ተሰሙት፤ ያ ድምፅ ነው ያበላሸው። ‘ከመጣበት ብመልሰው ምን ነውር አለው?’ አለና መንገዱን ቀየረ።

ደፋው፤ ከወንድሙ ደጃፍ ድንጋይ ሥር፣ እርጥቡንና ጥቁሩን ሁሉ። ቅጠል ሲወድቅ የሚጮኸው የወንድሙ ውሻ ወጣ፣ አሸተተ፣ ጭራውን ወትፎ ተመልሶ ገባ። ዴሹን ቅርጫቱን አነሳ። ሰው እንዳያየው በወንዙ ዞሮ፣ እጁን ደጋግሞ ታጥቦ ቤቱ ሲደርስ አልጋው ባዶ ነበር።

«ሚስትህማ አማረባት!» አለች ጎረቤታቸው ከአጥሩ በላይ። «እንቁላሏን በቅርጫት ይዛ ወንድምህ ቤት ሄደች። ከዳንኩ እኔው አስታርቃቸዋለሁ ብዬ ለሰማይ ቃል ገብቻለሁ ስትል ነበር። አንተ እንኳን አታፍርም?»

ዴሹን ሮጠ። በሕይወቱ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም፤ ወንድሙ ደጅ ደረሰ። ሱዩን በጨርቅ ጫማዋ አተላው መሐል ቆማ፣ እግሯን እያፈራረቀች ትረግጣለች።

«ቀስ በል፣ ልብህ ይፈነዳል!» ብላ ሳቀችበት። «አየህ፣ ጋሼ ቤት ሰው ታሟል። ሽታው እንኳን የእኔን ይመስላል፤ እንደኔው ሳል ይሆናል። ወንድምህ ሲጨነቅ አንተ ታኮርፋለህ!»

«ውጪ ከዚያ! ውጪ አልኩሽ!»

«ምን ሆነሃል? የእኔን ዛሬ ገበያተኛው ሁሉ ይሸከምልኝ የለ? እኔም የእነሱን ልሸከም እንጂ። ና፣ አንተም ርገጥ።»

ዴሹን በክንዷ ስቦ አወጣትና እሱ ዘሎ ገባ። በሁለት እግሩ ረገጠው፣ ደቀደቀው፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ተረጨ። የእኔ ይሁን፣ የእኔ ይሁን ይላል በልቡ። ቀድሞ የረገጠው ማን እንደሆነ ግን በዓይኑ አይቷል።

በሩ ተከፈተ። ወንድሙ ሱሪውን እየሳበ ብቅ አለ፤ ከዓመት በላይ ያላነጋገረውን ወንድሙን ደጁ ላይ ሲጨፍር አይቶ አፉን ከፈተ።

«ዴሹን? ምን ጉድ ነው?»

«ማን ነው የታመመባችሁ ጋሼ?» አለች ሱዩን። «አተላውን አይተን እየረገጥንላችሁ ነው።»

«የምን አተላ? እኛ ቤት ማንም አልታመመ። ሁላችንም ደህና ነን።»

ሱዩን ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። አሁንም ይረግጣል፣ እንባው ወርዶ አገጩ ላይ ደርሷል። ከእግሩ እስከ ፊቱ አየችው፤ ሳቋም ከፊቷ ላይ ጠፋ። ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ ቀድሞ የወጣው ግን ሳሉ ነበር።