ሳይጮህ የዞረው ዳዶ

አባቴ መኪናው ስር ከገባ ቆይቷል። ከውጭ የሚታየኝ ሁለት እግሩ ብቻ ነው። የሚታገለው የኋላውን ቀኝ ሾክ አብዞርበር ከታች ከያዘው ዳዶ ጋር ነው። ዳዶው ዝጎ ከሚጠመዘዝበት ብሎን ጋር አንድ ሆኗል። ናፍጣ አጠጣው፣ ዙሪያውን በመዶሻ ደበደበው፣ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ተንጠለጠለበት። ወይ ፍንክች!

ጠዋት ባለጋራዡ ጠጋ ብሎ፣ «የጋሼ እጅ ደክሟል። ይሄን መኪና እስከ ምሳ ካላወጣ ከነገ ጀምሮ እቤቱ ይረፍ» አለኝ። ይረፍ! መፍቻ አያያዝ ያስተማረው አባቴ ነው እኮ፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ። እናቴ የሞተች ጊዜ አባቴ ጥቂት ቀን እቤት ቢቀመጥ እሱም ሊያልቅብኝ ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ልሞክረው?»

«አንቺ ልጅ፣ ዳር ቁሚ! እኔና እሱ እንነጋገራለን» አለ ከስር። እልህ ምላጭ ያስውጣል።

መፍቻው አመለጠውና እጁን ከብረቱ አጋጨው። እየደማ ወጥቶ ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ። ምሳ ሊደርስ ነው።

የምሠራው ድምፅ በጩኸቱ እንዲዋጥ ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁና መኪናው ስር ሾልኬ ገባሁ። የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩ። ዳዶውን መጀመሪያ ትንሽ ወደሚጠብቅበት ገፋ፣ ከዚያ ወደሚፈታበት ሳብ አደረግኩት። ገፋ፣ ሳብ። በመጨረሻ ሲጥጥ ብሎ ጮኸና ለቀቀ። መልሼ አጠበቅኩት፤ ወጥቼ ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁ።

አባቴ እጁን በጨርቅ አስሮ ሲመለስ ባለጋራዡም ከቢሮው መጥቶ ቆመ። አባቴ ስር ገብቶ መፍቻውን ሰካና ሳበ። ዳዶው ዞረ።

«ጋሼ! አንተማ ገና ጎረምሳ ነህ!» ባለጋራዡ አጨበጨበ።

አባቴ ቀስ ብሎ ወጣ። መዳፉ ላይ ያለውን ዳዶ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄን የፈታሁት እኔ አይደለሁም» አለው ባለጋራዡን። «እንዲህ የዛገ ዳዶ ሳይጮህ አይለቅም። ይሄ ዝም ብሎ ነው የዞረልኝ። እሷ ናት የፈታችው።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ እቤት እንዳትቀርብኝ ብዬ...»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።» ቢቆጣኝ በተሻለኝ። «ግን ቢያቅተኝም እኮ ሽንፈቱ የኔ ነበር።»

ቱታውን አውልቆ አጣጠፈና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ባለጋራዡ መሬት መሬት ያያል።

የግራው ጎን ዳዶ ገና አልተፈታም። ሰው ፊት ላለማልቀስ መኪናው ስር ገባሁ። ከዚያ ሆኜ የአባቴ ጫማ በሩ ጋ ቆሞ ይታየኛል። እንባዬ ወደ ጆሮዬ እየወረደ ገፋሁ፣ ሳብኩ። አሁንም ገፋሁ፣ ሳብኩ። ጫማው አልተንቀሳቀሰም።

ዳዶው ጮኸ። ያኔ ጫማው ዞረና ሄደ።