የጠፈር ገለባ

ሌንሳን ያሳሳታት በገበሬ ቤት ማደጓ ነው። ገለባ ሲጣል አይታ አታውቅም።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው ላብራቶሪ የምትመረምረው ግን የዋዛ ገለባ አልነበረም። ወደ ጠፈር የሚጓዙ ሰዎች እዚያው መንኮራኩራቸው ውስጥ ስንዴ አብቅለው ይብሉ ተብሎ፣ ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ ብቻ በሙከራ የበቀለ ነው። ጠፈር ላይ የሚባክን ነገር ስለሌለ፣ ገለባው ውስጥ የቀረው ንጥረ ነገር ተለይቶ ለሚቀጥለው ሰብል መመለስ አለበት። የእሷ ሥራ መለየቱ ነው። የተረፈው ይቃጠል ተብሏል።

ይቃጠል! ሀና ማርያም የሚኖሩት አባቷ አቶ በንቲ፣ እርሻቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ከበቀለ ወዲህ የቀረቻቸው አንዲት ላም ናት፤ ዳለቻ። እሷም የምትበላው አጥታ አጥንቷ ይቆጠራል። የሰማይ ሰው ሲጠግብ የምድር ላም ትራብ? ሌንሳ አንድ ምሽት ትርፉን በጆንያ ይዛላቸው ገባች። ከማዳበሪያው የሚመጣው ጨው፣ ናይትሬት፣ ምን ያህል እንደቀረበት የሚያሳየው ምርመራ ገና አልደረሰም ነበር። ገለባ ደግሞ ምን ይሆናል?

በማግስቱ ውጤቱን አየች። ስንዴው ከውሃው የጠጣውን ናይትሬት አገዳው ውስጥ አከማችቶታል፤ የእሷ መለየትም ጨርሶ አላወጣውም። ከብት አብዝቶ ከበላው ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል፤ ቆሞ ይታፈናል። አባቷ ጋ ብትደውል አያነሱም። እየበረረች ሄደች።

ዳለቻ በረት ውስጥ ተዘርራለች፤ ምላሷ ጠቁሯል። አባቷ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል።

"አታልቅሺ ልጄ፤ ቀኗ ደርሶ ነው" አሉ። "ደግነቱ ጠግባ ሞተች። ጠዋት እንዴት እንደበላችልሽ ብታዪ! ተባረኪ።" እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ አሳረፉ።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ልትል ነበር።

"ከጎረቤት ደብቄ አላበላኋትም ደግሞ። ግማሹን ለአረጋሽ ሰጥቻታለሁ፤ ከሰዓት ላሜን ላበላት ብላለች።"

አረጋሽ በአጥር የምትዋሰናቸው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጆቿን የምታሳድገው በላሟ ወተት ነው።

"አባዬ፣ ይሩጡ! ያስጥሏት!" አለች ሌንሳ። "ዳለቻን የገደላት የኔ ገለባ ነው።"

እጃቸው ከራሷ ላይ ቶሎ አልተነሳም። ከዚያ ሮጡ። ከአጥሩ ወዲያ ድምፃቸው ተሰማት።

"አረጋሽ፣ ጣዪው! ሻግቷል። ሳላየው ነው የሰጠሁሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ቢረግሟት ይሻላት ነበር።