የአባቴና የእናቴ የመንገድ ክርክር

አባቴ አርባ ዓመት መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም «ጆሮ» ነበር የሚሉት፤ ኮፈኑን ሳይከፍት ሞተሩን አዳምጦ ብቻ የቱ ጋ እንደታመመ ይናገር ስለነበር። ጡረታ ሲወጣ ጋራዡን ለጓደኛው አስረክቦ፣ ከሦስት የተጣሉ መኪኖች ዕቃ ለቃቅሞ በገዛ እጁ የገጣጠማትን አሮጌ መኪና ይዞ ቤቱ ገባ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሷም ሥራ ከቀነሰች በኋላ የስፌት ማሽኗን ለእኔ ልትሰጠኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። እኔ በሌላ ከተማ በአስተማሪነት ከተቀጠርኩ ገና ስድስት ወሬ ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ መጥተው እስኪጠይቁኝ በጉጉት እጠብቃለሁ።

ችግሩ በምን እንምጣ የሚለው ነበር።

አባቴ ይሄ መከራከሪያም አይሆንም ባይ ነው። በመኪና አራት ሰዓት ተኩል፣ በባቡር ስድስት ሰዓት። ደግሞስ ያንን ሁሉ የስፌት ማሽን ብረት ባቡር ላይ ማን ይሸከመዋል? እናቴ ግን ድንገት ተነሥታ በባቡር ካልሆነ ንቅንቅ አልልም አለች። ወገቤን ይይዘኛል አለች፤ አልሆን ሲላት መኪና ያዞረኛል አለች። ሁለቱም በየተራ እየደወሉ አንዱ ሌላውን ይከስልኛል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ስንባባል ከረምን። እኔ ለአባቴ አደላሁ። ዕድሜ ልኳን በዚያ ሰውዬ መኪና ስትሄድ የኖረች ሴት ዛሬ ምን አዞራት ብዬ፣ «እማዬ፣ አታስቸግሪው እንጂ» አልኳት።

ነገሩን ያወቅሁት ኋላ ነው። ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን እናቴ ጓሮ በር ላይ ቆማ ሳለ አባቴ የመኪናውን ዘይት ሲቀይር አየችው። ዘይቱን የሚያፈሰው ቀዳዳው ውስጥ ሳይሆን ከቀዳዳው ሁለት ጣት ርቆ፣ ሞተሩ አናት ላይ ነበር። የሚንጠባጠበውን ሰምቶ ቆም አለ፣ ቀዳዳውን በጣቱ ዳሰሰና እንደገና ቀዳ። እናቴ ኮቴዋን አጥፍታ ወደ ቤት ተመለሰች። ዓይንህ ደክሟል ብትለው ቅስሙ እንደሚሰበር ታውቃለች። ስለዚህ ሰበቡን ወገቧ ላይ ጣለችው።

ክርክሩን ያሸነፈው አባቴ ነው። እሁድ ጠዋት ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ እናቴ ከጎኑ ቀበቶዋን አሰረች፣ ጉዞ ጀመሩ። ያን ቀን ዓይኑ እሷ ነበረች። እንደ ዋዛ፣ ያ መብራት ቀይ ሆነ መሰለኝ ትለዋለች። ወይም ደግሞ፣ የምትሻገረዋን ሴትዮ አየሃት፣ ቀሚሷ እንዴት ያምራል ትላለች። አባቴም ምንም እንዳልተነገረው ሁሉ ቀስ ብሎ ፍሬን ይይዛል። እንዲህ እየተጋገዙ ከከተማው መውጫ ደረሱ። እዚያ መንገድ እየተጠገነ ነበር፤ አንድ ሠራተኛ ማስቆሚያ ሰሌዳ ይዞ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። እናቴ ለዚህ የሚሆን ዘዴ ለመፈለግ ጊዜ አላገኘችም።

«ቁም!» አለችው።

መኪናው ከሰውየው ጉልበት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሠራተኛው አልተቆጣም፤ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «አላዩኝም እንዴ አባባ?» ብቻ አለ። አባቴ ይቅርታ ጠይቆት፣ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አላት።

«ዘይቱን ሞተሩ ላይ ካፈሰስክበት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ትንሽ አሰበና፣ «ብነግርሽ በባቡር እንሂድ ትይኛለሽ ብዬ» አላት።

«ሳትነግረኝም ብያለሁ» አለችው።

ሳቃቸው መጣ። እናቴ ስትስቅ እንባዋም አብሮ እንደወረደ አልደበቀችኝም።

ጋራዡን የተረከበው ጓደኛው ተጠርቶ መጣ። ባቡር ጣቢያ አድርሷቸው መኪናውን ወደ ቤት መለሰ። አባቴ ማሽኑን ታቅፎ ተሳፈረ፤ የሚያግዘው ቢመጣም እምቢ አለ። መጀመሪያ ላይ ኩርፍ ብሎ ነበር። ትንሽ እንደሄዱ ግን ጆሮውን ጣል አደረገና፣ ከኋላችን ካለው ፉርጎ አንዱ መንኮራኩር ደህና አይደለም ብሎ ለትኬት ተቆጣጣሪው ነገረው። ተቆጣጣሪው ፈገግ ብሎ አለፈው። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው ሲያዩት ግን እውነትም ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ሻይ በነፃ ይመጣለት ጀመር። እናቴ ደግሞ በመስኮቱ የምታየውን ትነግረዋለች። በዚህስ አልታደለችም። «ዛፍ» ትላለች። ምን ዓይነት ዛፍ ነው ሲላት፣ «ቅጠል ያለው» ትለዋለች።

ጣቢያ ስቀበላቸው አባቴ ማሽኑን አስረከበኝና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ልጄ፣ ዓይኔ አያይልኝም» አለኝ። እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሷ ግን ክንዴን ይዛ፣ ርቦናል፣ ቤትሽ ሩቅ ነው ወይ አለችኝ።

ነገሩ የዓይን ሞራ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና ይነሣል ተባልን። ሁለት ወር እኔ ዘንድ ተቀምጠው ዓይኖቹ ተራ በተራ ተሠሩለት። የመጀመሪያው ፋሻ ሲነሣ እናቴን ረጅም ጊዜ አያት።

«አርጅተሻል» አላት።

«ምን ላድርግ፣ የሚያየኝ ሳጣ» አለችው። ሐኪሟ መሣቋን መደበቅ አልቻለችም።

በመጨረሻው ምርመራ መንዳት ትችላለህ ተባለ። ጓደኛው መኪናውን ይዞለት እንዲመጣ ልደውል ስል ከለከለኝ፤ ሁለት የባቡር ትኬት ቁረጪልን አለ። ለምን አልኩት። እናቴ ሻንጣ ወደምታዘጋጅበት ክፍል ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መኪና ስነዳ የማየው መንገዱን ነው» አለኝ።

በማግስቱ ሸኘኋቸው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ፊት ለፊት ተቀምጠው አየኋቸው። አባቴ ውጭ ያለ አንድ ነገር በጣቱ ያሳያታል፤ እሷም የቱ ጋ የቱ ጋ እያለች አንገቷን አስግጋ ትፈልጋለች።